ቀንዱ የተሰበረው ክፉ

ቶኪዮ፣ በዘጠነኛው ወር በ12ኛው ቀን፣ 1971

ይድረስ ለተከበሩት አክስቴ ለእመት ኪኑ፤ ኦጋ፣ ከባሕሩ ዳር።

የበጋው ወበቅ አልፎ የመኸር ነፋስ በሚነሣበት በዚህ ወቅት እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እኔ የተራራችን አማልክት ይመስገኑ፣ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር ምንም አልጎደለብኝም።

ይህን ሰላምታ ያስተማሩኝ መምህሬ አቶ ናጋሆ ናቸው። «ደብዳቤ በአየሩ ይጀመራል» አሉን። እኔም «ጋሼ፣ አክስቴ አየሩን በመስኮት ታየው የለም እንዴ? ከቶኪዮ ሆኜ እኔ ልንገራት?» ብዬ ክፍሉን ሁሉ አሳቅሁት። እሳቸው አልሳቁም። ስለዚህ ጻፍኩት።

አክስቴ፣ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። እስከ ዛሬ የደረሱዎት ደብዳቤዎች በሰው እጅ የተጻፉ ናቸው። ይህ ግን ከአናቱ እስከ ግርጌው የራሴ ነው። ብዕሩ የራሴ፣ ቀለሙ የራሴ፣ መሐል ላይ የፈሰሰውም ቀለም የራሴ። ከሥራ በኋላ በባቡር እየተንጠለጠልኩ የምሄድበት የማታ ትምህርት ቤት ይኸው ፍሬ አፈራ። ከክፍላችን የሚፈጥነኝ የለም። አጠገቤ የሚቀመጡት የሰባ ዓመቷ ኮሪያዊት እመት ፓክ «መፍጠንስ ትፈጥናለህ፣ የሚነበብ ቢሆን ጥሩ ነበር» ይሉኛል። ቅናት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። የምሠራበት የፊልም ቤት ለልጆች የጠፈር ፊልም እንደሚሠራ ያውቃሉ። እስካሁን ሥራዬ ግዙፎቹ አውሬዎች የሚረግጧቸውን ትንንሽ ቤቶች መገንባት ነበር። ሳምንት ሙሉ ጣሪያ ስከድን እከርማለሁ፤ አንዱ የጎማ ልብስ ለብሶ መጥቶ በአንድ እርምጃ ያፈርሰዋል። አሁን ግን አፍራሹ እኔ ሆኛለሁ። ሹመት ይሏል ይህ ነው። በአዲሱ ፊልም ክፉው እኔ ነኝ። ጀግና ሌላ ሰው ነው፤ ጀግና መሆንማ ማንም ይችላል። ፊልሙ የሚቆመው በክፉው ነው። ስሙ ሙጎን ይባላል፤ የሞተች ኮከብ ንጉሥ ነው፣ የምድርን መብራት ሁሉ ሊያጠፋ ይመጣል።

ችግሩ መልኩ ገና አልተገኘም። ሱጋያ የሚባል ከሥዕል ትምህርት ቤት የወጣ ወጣት ሠዓሊ አለን፤ በየቀኑ ይሥላል፣ በየቀኑ ይቀድዳል። እኔ ደግሞ ያስፈራኝ ፊት በሕይወቴ አንድ ብቻ ነው። በዓመቱ የመጨረሻ ማታ ገለባ ለብሶ፣ በራችንን በጡጫ እየደበደበ «የሚያለቅስ ልጅ አለ ወይ?» እያለ የሚገባው የናማሃጌ ፊት። ስለዚህ ልመናዬ ይህች ናት፦ አጎቴ ቶሜዞ ናማሃጌ ሲሆን ያጠልቀው የነበረውን ጭምብል ለጥቂት ጊዜ ይላኩልኝ። ላየው ብቻ ነው።

ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ ባሕሩም ዓሣውን አይንፈግዎ።

የወንድም ልጅዎ፣ አሁን ጸሐፊ የሆነው፣
ጊንጂ

---

ኦጋ፣ በዘጠነኛው ወር በ25ኛው ቀን

ለጊንጂ።

ሰላምታህ ደርሶኛል። አየሩንም በመስኮት አይቼዋለሁ። አማልክት ከክፉ ዓይን ይሰውሩህ፣ የለበስከው ጎማም በሰላም ያውልህ።

ደብዳቤህን አነበብኩት። ሁለት ቀን ፈጀብኝ እንጂ አነበብኩት። ጎረቤታችን ካንጂ ሦስተኛውን ገጽ ገልብጦ ይዞ «በዚህ በኩል ይሻላል» አለኝ። አትቀየም። አጎትህ በሕይወት ቢኖር ወረቀቱን ይዞ ከቤት ቤት ይዞር ነበር። እኔ የዞርኩት ሦስት ቤት ብቻ ነው።

ጭምብሉን ግን አልልክም። ካንጂ ጋ ከጓደኛው ጭምብል ጋር ተሰቅሏል፤ ከመንደር አይወጣም። ሥርዓቱን ታውቀው የለም?

ሌላ የምነግርህ አለ። አጎትህ ካረፈ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። አምና ሐዘን ላይ ስለነበርኩ ናማሃጌዎቹ በሬን አልፈው ሄዱ። ደግ አደረጉ፤ ሞት የገባበት ቤት ዓመቱ ሳይሞላ አይገቡም። እኔ ግን ከውስጥ ተቀምጬ የእግራቸው ድምፅ ሲርቅ ሰማሁ። ዘንድሮ ሐዘኑ አልቋል። እኔም ተራዬ ነው፣ ልገሠጽ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር።

ሰው የለም፣ ጊንጂ። ወንዶቹ እዚያው እናንተ ጋ የምድር ውስጥ ባቡር መንገድ ይቆፍራሉ። ለበዓል የማይመለስ እጥፍ ይከፈለዋል ተባለ፤ ማን ይመለሳል? የቀረው ካንጂ ብቻ ነው። ናማሃጌ ደግሞ ብቻውን አይወጣም። ብቻውን የሚዞር ጭራቅ አይባልም፣ መንገድ የጠፋበት ሰው ነው የሚመስለው። የመንደሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ወሰኑ፦ ለዓመቱ መጨረሻ ሁለተኛ ሰው ካልተገኘ ጭምብሎቹ ለከተማው ሙዚየም ይሰጣሉ። መስታወት ውስጥ ይቀመጣሉ አሉ። እዚያ ሆነው ማንን ሊያስፈራሩ ነው? መስታወት የሚወለውለውን?

አንተ ቁመትህ ይበቃል፤ ድምፅህ እንዲያውም ይተርፋል። ና።

አክስትህ ኪኑ

---

ቶኪዮ፣ በአሥረኛው ወር በ8ኛው ቀን

ይድረስ ለተከበሩት አክስቴ። ቅጠሉ በሚቀላበት፣ ሰማዩ ከፍ በሚልበት በዚህ ወቅት ጤናዎ እንደ ተራራችን የጸና ይሁን።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ስለ ዓመቱ መጨረሻ በሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፋለሁ፤ ዛሬ የምነግርዎ ጉድ አለኝና።

የሙጎን መልክ ተገኘ። እንዴት እንደተገኘ ልንገርዎት። ሱጋያ ትልቁን ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ሰቀለ። ከላይ እስከ ታች ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ ትከሻው እንደ ማጭድ የሾለ፣ ግንባሩ ላይ አንድ ቀይ ዓይን፣ እግሩ ላይ የብር ቀለም የተቀባ ረጅም ጫማ። ዳይሬክተራችን አቶ ኦኩናካ ሻያቸውን ይዘው ቆመዋል።

«ለምንድነው ጥቁር የሆነው?» አልኩት።

«ጥቁር የማናውቀው ነገር ቀለም ነው።»

«የአቶ ኦኩናካም ካፖርት ጥቁር ነው። እሳቸውን ደግሞ በደንብ እናውቃቸዋለን።»

አቶ ኦኩናካ ከሻይው በላይ አዩኝ።

«ትከሻውስ?»

«ክብ ነገር ያቅፋል፣ ሹል ነገር ይወጋል» አለ ሱጋያ። «ይህን ሕፃን ልጅ ሳይነግሩት ያውቃል። ጀግናችንን ተመልከተው፣ ጭንቅላቱ እንቁላል ነው።»

ይህችን ከእኔ ቀድሞ ማሰቡ ገርሞኛል። ጫማውን ጠየቅሁት። ጫማው ለዓይኔ የከተማ ዱርዬ ጫማ ነበር የሚመስለው።

«ብር የራሱ መልክ የለውም» አለኝ። «የቆመበትን ነው የሚያሳየው። አገር የሌለው ሰው ጫማ ነው።»

እዚህ ላይ ቀልድ ነበረኝ፣ ጠፋብኝ። ወደ ዓይኑ አለፍኩ።

«አንድ ዓይን ሁሉን ያያል፣ ማንንም አያውቅም» አለ። «ክፋት ማለት ይሄ ነው።»

«እዚህ ላይ ተሳስተሃል ወንድሜ። የማያውቅህ ምን ያስፈራሃል? የሚያስፈራው የሚያውቅህ ነው።» ብዬ ስለ ልጅነቴ ነገርኩት። ናማሃጌው ገብቶ፣ መሬቱን ረግጦ፣ ከሰው ሁሉ መሐል ወደ እኔ ዞሮ «ጊንጂ! የአጎትህ ጀልባ ውስጥ የሸናኸው አንተ ነህ» ሲለኝ።

«እንዴት አወቀ?» አለ ሱጋያ። እውነትም ደንግጧል።

«አክስቴ ነግራው ነዋ። እኔ ግን ይህን የተረዳሁት ጢሜ ከወጣ በኋላ ነው።»

አቶ ኦኩናካ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። በምሳ ሰዓት ጭቃ ይዤ ተቀመጥኩና ፊት ሠራሁ። ሁለት ዓይን፣ ሰፊ አፍ፣ ቀንድ። ሱጋያ ዙሪያውን ዞሮ አየው። «ይሄ ክፉ ነው ወይስ ደግ?» አለኝ።

«በር ላይ ሲቆም ክፉ ነው። ከሄደ በኋላ ደግ ነበር ትላለህ።»

«ትኬት የምንሸጠው በር ላይ ለቆመው ነው» አሉ አቶ ኦኩናካ። «ክፉ ይሁን።»

ሱጋያም አልተሸነፈም፣ እኔም አልተሸነፍኩም። ፊቱ የእኔ፣ ትከሻውና ጫማው የእሱ ሆነ። ፊቱን ከየት አመጣኸው ሲሉኝ ከራሴ አፈለቅሁት አልኳቸው። የቀረን ከትከሻው በታች የሚወርድ ገለባ ነው። የቶኪዮ ገለባ ደግሞ ገለባ አይባልም፣ የታመመ ሣር ነው። ስለዚህ ጭምብሉ ቢቀር አንድ ሸክም የእኛን የሩዝ ገለባ ይላኩልኝ። ገለባ ከመንደር አይወጣም የሚል ሥርዓት አልሰማሁም።

ጉልበትዎን ከብርድ ይጠብቁ። አማልክት ይጠብቁልኝ።

የሙጎን ፈጣሪ፣
ጊንጂ

---

ኦጋ፣ በአሥራ አንደኛው ወር በ20ኛው ቀን

ለጊንጂ። ሰላም ለአንተ ይሁን።

ገለባውን ያለ ደብዳቤ ልኬልህ ነበር፤ ደርሶሃል መሰለኝ። ዛሬ ደብዳቤውን ያለ ገለባ እልካለሁ።

የካንጂን የልጅ ልጅ ማሪን ታውቃታለህ፤ ሁለተኛ ክፍል ደርሳለች። ትናንት የልጆች መጽሔት ይዛ እየሮጠች መጣች። «አያቴ ኪኑ፣ እዪ፣ የቶኪዮው ጊንጂ ነው።» አየሁት። ገጹን ሙሉ የያዘ ፎቶ ነው። ትከሻው ማጭድ ነው፣ ጫማው ብር ነው። ፊቱን አየሁ፤ ከዚያ መነጽሬን ጠርጌ እንደገና አየሁ።

የቀኝ ቀንዱ ጫፍ ተሰብሯል።

ያ ቀንድ እንዴት እንደተሰበረ የሚያውቅ እኔ ነኝ። በተጋባን ዓመት አጎትህ ጭምብሉን አጥልቆ ቤት ለቤት ሲዞር የቀመሰው ሳኬ አናቱ ላይ ወጥቶ፣ የገዛ ራሱን በር መቃን በቀንዱ ገጨው። አልጠገነውም። «ጎንበስ ማለትን ያስታውሰኛል» ይል ነበር፤ ጎንበስ ሲል ግን አይቼው አላውቅም። አንተ ከራሴ አፈለቅሁት አልክ። ራስህ ይህን ያህል ሰፊ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ከሥሩ «የዓለም ሁሉ ጠላት» ይላል። ቶሜዞ የማን ጠላት ነበር? የዓሣ።

እሱንም እተወዋለሁ። የማልተወው ይህን ነው። ማሪ ጣቷን ቀንዱ ላይ አድርጋ «ይሄ የእኛ ናማሃጌ ነው አይደል?» አለችኝ። ምን ልበላት? «እንግዲያው አልፈራውም» አለች፤ «መጨረሻ ላይ ጀግናው በእሳት ያቃጥለዋል፣ እዚህ ተጽፏል።»

ያንተ ክፉ ስንት አገር እንደሚያስፈራራ አላውቅም። የእኛን አንዲት ልጅ ግን ከመፍራት አውጥቷታል። አሁን ናማሃጌ ቢመጣ እንኳ ትስቅበታለች። ለነገሩ የሚመጣም የለም። ስለ ዓመቱ መጨረሻ በሰፊው እጽፋለሁ ብለህ ነበር፤ ወረቀት አለቀብህ?

ኪኑ

---

ቶኪዮ፣ በአሥራ አንደኛው ወር በ28ኛው ቀን

ይድረስ ለተከበሩት፣ ለተቆጡትም አክስቴ።

አየሩ ቀዝቅዟል። ከኦጋ የመጣው ደብዳቤ ደግሞ ይበልጥ ይቀዘቅዛል።

ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፊቱ የአጎቴ ነው። ጭቃውን ስይዝ እጄ ሌላ ፊት አላውቅም አለኝ። ጭምብሉን ባለማየቴ የሚጠፋኝ መስሎኝ ነበር፤ ቀንዱ ጋ ስደርስ ግን ጣቴ ራሱ ቆርጦ ጣለው። ሱጋያ «ስብራቱ ድንቅ ነው፣ የተሸነፈ ኩራት ምልክት ነው» አለ። እኔም አዎን አልኩ። የሳኬ ምልክት ነው ማለት ከበደኝ።

አሁን ግን ባለፈው ሳምንት የሆነውን ይስሙ። ቁጣዎ ባይበርድ እንኳ ይሥቃሉ።

ሙጎን የጀግናውን ቤት የሚያፈርስበት ቀን ነበር። በፊልሙ ታሪክ የጀግናው አያት ሙጎን መጀመሪያ በመጣ ጊዜ ሞተዋል። እኔ በሩን ሰብሬ እገባለሁ፣ እናቲቱ ትጮኻለች፣ መብራቱ ይጠፋል። ካሜራው ተነሣ። ጭሱ ተለቀቀ። ገለባዬን እያንሿሿሁ፣ መሬቱን እየረገጥኩ ሄድኩ፤ የእኛው ገለባ ነው፣ ድምፁ እንዴት ያምራል። በሩ ጋ ደረስኩ። በጭምብሉ ቀዳዳ ስመለከት በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ጥቁር ዳር ያለው። አነበብኩት። «ሐዘን ላይ ነን» ይላል።

አክስቴ፣ ዞሬ ሄድኩ።

አስቤው አይደለም። እግሬ ነው የዞረው። ራሴን ዝቅ አድርጌ፣ ቀስ ብዬ፣ ቀጣዩ በር ወዳለበት ሄድኩ። ቀጣይ በር ደግሞ የለም፣ ከዚያ ወዲያ የአናጢዎቹ ዕቃ ማስቀመጫ ነው። ከመሰላሉ ጋር ተላተምኩ።

«ቁም! ወዴት ነው?» አሉ አቶ ኦኩናካ።

«ሐዘን ላይ ናቸው ጌታዬ።»

«አንተ አይደለህ እንዴ የገደልካቸው?»

«እሱ ሌላ ነገር ነው። ቤት መግባት ግን ነውር ነው።»

ከመብራት ሠራተኛው እስከ ሻይ አቅራቢዋ ሁሉም በሳቅ መሬት ላይ ወደቁ። የወረቀቱን ነገር ያሰበችው የዕቃ ክፍል ሠራተኛ ናት፤ እኔ ማንበብ እንደምችል ማን ነገራት? ከሁለት ዓመት በፊት ቢሆን ምንም ሳልል በሩን ሰብሬ እገባ ነበር። ለመምህር ናጋሆ ስነግራቸው «ትምህርት ሥራህን አበላሸብህ ማለት ነው» አሉኝ። እሳቸው ሲቀልዱ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግሥቱ የተቀረጸውን ለማየት ጨለማ ክፍል ገባን። እባረራለሁ ብዬ ከበሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሙጎን ይመጣል፣ ይቆማል፣ ያነብባል፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ይሄዳል። የሳቀ የለም። አቶ ኦኩናካ «የማይገባበት በር ያለው ክፉ» አሉ። «እንዲህ ያለ ክፉ አላየሁም።»

ሱጋያ ዘሎ ተነሣ። «ገባኝ፤ ኮከቡ በሙሉ ሐዘን ቤት ነው። ለዚህ ነው የሰው መብራት የሚያናድደው። ወረቀቱን ያወቀው እሱ ጋም ስለተለጠፈ ነው።» ከዚያ ተንደርድሮ አቀፈኝ፤ ለቀረጻ ሹሉን ትከሻ ለብሼ ነበርና ተወጋ።

ስለዚህ ለማሪ ይንገሯት፦ ሙጎን አይቃጠልም። መጽሔቱ ቸኮለ። መጨረሻ ላይ በሮኬቱ ወደ ኮከቡ ይመለሳል። ሊያቃጥሉኝ የገዙትን ቤንዚን መልሰውታል።

አሁን የዓመቱን መጨረሻ ልጻፍ። ወረቀት አላለቀብኝም፣ ልብ ነው ያለቀብኝ። በዓመቱ የመጨረሻ ቀንና በአዲሱ ዓመት መባቻ ሙጎን በትልቁ መደብር ሰገነት ላይ የልጆችን እጅ ይጨብጣል። ልብሱ በልኬ የተሰፋ ነው። እኔ ከቀረሁ ኢዋኦ የሚባል የትግል ስፖርት ትቶ የመጣ ወፍራም ሰው ቦታዬን ይወስዳል፤ ቀጣዩንም ፊልም ጭምር። አክስቴ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ስሜ የሲኒማ መጋረጃ ላይ ሲወጣ የመጀመሪያዬ ነው፤ ያውም እኔው ራሴ የማነብበው ስም። አልችልም። አይቀየሙኝ።

የእርስዎው፣
ጊንጂ

---

ኦጋ፣ በአሥራ ሁለተኛው ወር በ10ኛው ቀን

ለጊንጂ።

ነጎድጓድ ጀምሯል፤ ሃታሃታው ዓሣም ከነጎድጓዱ ጋር መጣ። ሁለት በርሜል ቀምሜያለሁ። የሙዚየሙ ሰው በአዲሱ ዓመት በአምስተኛው ቀን እመጣለሁ ብሎ ልኳል። ካንጂ ጭምብሎቹን በዘይት ወልውሎ ግድግዳው ላይ መልሶ ሰቀላቸው።

ስለ በሩ ያልከውን አነበብኩ። ደግሜ አነበብኩ። ሥራህን ሥራ። ስምህን መጋረጃው ላይ ስታየው ለእኔም አንብብልኝ።

ኪኑ

---

ቶኪዮ፣ በአሥራ ሁለተኛው ወር በ22ኛው ቀን

ለተከበሩት አክስቴ፣ ዓመቱ በሰላም ያልቅልዎ።

እንዳልኩት መምጣት አልችልም፤ ሥራ በዝቶብኛል። ለወሬ ያህል ብቻ እንድጠይቅዎ ይፈቀድልኝ፦ የካንጂ ውሻ አሁንም ይናከሳል? ከጣቢያው የሚመጣው የማታ አውቶቡስ በረዶ ሲበዛ እስከ የት ይደርሳል? ካንጂስ ማታ ማታ ቤት ነው?

ምንም ምክንያት የለኝም። እንዲሁ አገር ትዝ አለኝ።

ጊንጂ

---

ኦጋ፣ በመጀመሪያው ወር በ6ኛው ቀን፣ 1972

ለጊንጂ፣ በአዲሱ ዓመት ጤናና ቁም ነገር ይስጥህ፤ ከሁለቱ አንዱን አማልክት ካነሱብህ ጤናውን ያቆዩልህ።

ሳትመጣ ቀረህ። ምን ይደረግ። ያመለጠህን ልንገርህ እንጂ።

የዓመቱ መጨረሻ ቀን ሲመሻሽ ማሪ እኔ ጋ ነበረች። ካንጂ «ጉዳይ አለኝ» ብሎ ትቷት ሄደ፤ ምን ጉዳይ እንደሆነ አልጠየቅሁትም፣ አይጠየቅምም። የቤቱ አባወራ ስለሌለ የአጎትህን የክት ካባ ደርቤ በቦታው ተቀመጥኩ። ተስፋ ኖሮኝ አይደለም፤ ልብሱ ብል እንዳይበላው ላናፍሰው ብዬ ነው።

በሩ ተደበደበ።

ሁለት ነበሩ፣ ጊንጂ። ገለባው በረዶ ለብሷል። አንደኛው አሮጌ ነው፣ ደረጃው ላይ ወገቡን ያዘ። ሁለተኛው ቀንዱ የተሰበረው ነው። ማን እንደሆኑ አላውቅም፤ ከተራራ የወረዱ ናቸው። መሬቱን ሲረግጡ የሳህኑ መደርደሪያ ተንቀጠቀጠ።

«የሚያለቅስ ልጅ አለ ወይ? እናቱን የማይሰማ አለ ወይ?»

ማሪ አልፈራችም። ከካባዬ ኋላ ብቅ ብላ ቁልቁል አየች። በገለባው ሥር ረጅም የብር ጫማ ነበር። «ሙጎን ነው» አለችኝ በሹክሹክታ። ከዚያ ጮክ ብላ «አንተ ትቃጠላለህ አይደል?» አለችው።

ናማሃጌው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። አሮጌው አሳለ።

«ማን ነው የሚቃጠለው? ቤንዚኑ ተመልሷል» አለ ሁለተኛው። ከተራራ የወረደ ናማሃጌ ስለ ቤንዚን የሚያውቀው ነገር አለ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ቀጥሎ ግን ጎንበስ አለ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የሂሳብ ፈተናሽን ከሩዝ ማሰሮ ሥር ማን ደበቀው?»

ማሪ ነጣች። ከዚያ አለቀሰች፤ ደንበኛ ልቅሶ፣ የእኛ ዓይነት። አሮጌውን ናማሃጌ ስመለከተው ጣሪያውን ያያል። እኔ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ አልነግርህም። ከአሁን በኋላ እሰማለሁ፣ አጠናለሁ ብላ ማለች። እኔም ስለ እሷ ተማጽኜ፣ ሳኬና ሃታሃታ አቀረብኩላቸው። አሮጌው ቀመሰ። ሌላው በላ። ሳህኑን ጨረሰና በርሜሉን አየ።

ወደ እኔም ዞረ። «የዚህ ቤት እመቤት ጉልበቷን እያመማት ሐኪም ቤት አልሄድም ትላለች ይባላል።»

«የተከበሩ ናማሃጌ፣ መንገዱ በረዶ ነው።»

«አጎቴ ቢኖር…» ብሎ ጀመረና አሮጌው በክርኑ ጎሸመው። «ባልሽ ቢኖር ይሸከምሽ ነበር። በረዶው ሲቀልጥ እንድትሄጂ። ዓመት ቆይቼ እጠይቃለሁ።»

«እሺ፣ እሄዳለሁ» አልኩት። ምን ምርጫ ነበረኝ?

ሊወጡ ሲሉ ጉድ መጣ። ግድግዳው ላይ የዓሣ አጥማጆች ኅብረት የሰጠኝ የቀን መቁጠሪያ አለ። ቀንዱ የተሰበረው ቆመ። ጣቱን አንሥቶ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ከላይ እስከ ታች አነበበው። «ኅብረታችን ለአባላቱ የጤናና የብልጽግና ዓመት ይመኛል። የበረዶ ሽያጭ ጠዋት ጠዋት ብቻ።» አንዲት ቃል አልዘለለም። ማሪ ልቅሶዋን አቋርጣ አፏን ከፈተች። አያት ቅድመ አያቶቻችን ያዩት ናማሃጌ ሁሉ ይጮኽ ነበር፣ ይጠጣ ነበር፤ ሲያነብ የታየ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። ሳቄን በአጎትህ ካባ እጅጌ ያዝኩት።

በሩ ጋ ሲደርስ ጎንበስ አለ። በቀኝ በኩል፣ ቀንዱን ከመቃኑ አርቆ። ያን ጊዜ ግን አልሳቅሁም።

ጠዋት ስነሣ ከሞተ ጀምሮ ከደጅ ያላነሣሁት የአጎትህ የገለባ ጫማ የለም። በቦታው የብር ጫማ ተቀምጧል፣ በረዶ ሞልቶታል። የወደቀውን ገለባ እንደ ሥርዓቱ እስኪነጋ አልጠረግሁትም። ከሕመም ይጠብቃል ይባላልና አንዱን ማሪ ራሷ ላይ አሰረች፣ አንዱን እኔ ጉልበቴ ላይ አሰርኩ። የሙጫ ሽታ አለው። ጉልበቴ አልተሻለውም፤ አልፈታሁትም ግን።

ትናንት የሙዚየሙ ሰው መጣ። ሽማግሌዎቹ ጭምብሎቹ ረጥበዋል፣ እየደረቁ ነው አሉት። መቼ ይደርቃሉ አለ። ካንጂ «በየዓመቱ ይረጥባሉ» አለው።

አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ። ቶኪዮ ያለው የማሪ አባት ለበዓል ስልክ ደውሎ ነበር። ሰላም ሊልህ መደብሩ ሰገነት ላይ ወጥቶ ሙጎንን አየው አሉ። የሙጎን ሆድ ልብሱን ቀድዶ ወጥቷል፣ ከኋላው ሰው በመርፌ ቆሟል። ልጄ፣ በአንድ ወር ውስጥ ምን በላህ?

አክስትህ ኪኑ

---

ቶኪዮ፣ በመጀመሪያው ወር በ15ኛው ቀን

ይድረስ ለተከበሩት አክስቴ፤ በረዶው ጣሪያዎን አያክብድ፣ ዓመቱ እንደ አነጋገርዎ ይቅለል።

ያመለጠኝን ሳነብ አዘንኩ። እኔ መደብሩ ሰገነት ላይ የልጆች እጅ ስጨብጥ ነበር። የሰነፍ ወሬ አይስሙ፤ በክረምት ሰው ይወፍራል።

የሥራ ዜና ልንገርዎት። ኢዋኦ የሙጎንን ቦታ ወሰደ፣ ልብሱም በልኩ ተሰፋለት። እኔ በቀጣዩ ፊልም የባለ ሦስት ራስ ዘንዶ ጅራት ሆኛለሁ። ጅራት ቀላል አይምሰልዎ፤ ከተማውን የሚያፈርሰው እሱ ነው፣ ራሶቹ ይጮኻሉ እንጂ። ሱጋያን ጅራቱ የምን ምልክት ነው ብዬ ብጠይቀው «ወደ መጣበት የሚያይ ብቸኛው ክፍል ነው» አለኝ። ይህ ልጅ አንዳንዴ ያስፈራኛል።

የሙጎን ፊልም ወጥቷል። መጨረሻ ላይ ስሜ መጣ። ቆሜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ለእርስዎ አነበብኩልዎት። ከኋላዬ ያለች ሴትዮ «ተቀመጥ» አለችኝ። በሩ ጋ የሚዞርበት ቦታ ሲደርስ ግን ልጆቹ ሁሉ ጸጥ አሉ። የአጎቴ ፊት ነበር፤ ቁመቱ እንደ ቤት።

ያ ናማሃጌ የሚባለው ሰው ያነበበው እውነት ከሆነ ጎበዝ ነው። ጎበዝ አስተማሪ ሳይኖረው አይቀርም። ስለሚቀጥለው ዓመት እኔ ለማንም ምንም ቃል አልሰጠሁም፣ ከተራራ የሚወርድን ነገር እኔ ምን አውቃለሁ። ሃታሃታውን ግን ሦስት በርሜል ያድርጉት።

የጉልበትዎን ነገር አደራ። ቃል ገብተዋል።

የወንድም ልጅዎ፣
ጊንጂ

ይድረስ ብዬ ዘግቼው ነበር፣ ከፈትኩት። ያን የብር ጫማ ቶሎ በፖስታ ቢልኩልኝ። የፊልም ቤቱ ንብረት ነው፤ ሱጋያ በየቀኑ ይጠይቀኛል። የገለባውን ጫማ ግን አልመልስም። ልኬ ነው።